ጋሽ መኩሪያ ለኮሌጁ ያወጡት ሕግ

ጋሽ መኩሪያ ማረፋቸውን የሰማሁት አሥራ ስምንት ማዞሪያ፣ ሚኒባስ ውስጥ ተቀምጬ ሰው እስኪሞላ ስጠብቅ ነው። ከፊቴ ሁለት ሴቶች ያወራሉ። አንደኛዋ፣ «ያ ለሚካኤል ይደርሳል የሚሉት አናጢ ሽማግሌ አረፉ አሉ» አለች። ስማቸውን አልጠራችም፤ መጥራትም አላስፈለጋትም። ወረድኩና በእግሬ ወደ ቤታቸው ሄድኩ።

ከቀብር ስንመለስ አንድ እንደኔው ያረጀ ሰው ጠጋ ብሎ፣ አንተ እሳቸው ዘንድ ትሠራ አልነበረም ወይ አለኝ። ነበርኩ አልኩት። «ቁም ሳጥን አዝዣቸው ነበር» አለ። መቼ ነው ስለው፣ ጃንሆይ ሳይወርዱ ነው አለኝ። ከልማድ አፌ ላይ የመጣልኝን መልስ ልሰጠው ነበር፤ ግን የቀብር ቀን ስለሆነ ተውኩት።

የእንጨት ሥራ ቤታቸው ኮልፌ፣ ከገበያው ወረድ ብሎ መንገድ ዳር ነበር። አልጋ፣ ቁም ሳጥን፣ ቡፌና ወንበር ይሠራል። እኔ ቫርኒሽ ቀቢ ነበርኩ፤ ስለዚህ አንድ ዕቃ መጨረሻ ላይ የሚደርሰው እኔ ዘንድ ነው፤ ከደረሰ ማለቴ ነው። ጋሽ መኩሪያ አጠር ያሉ፣ ባርኔጣ ከራሳቸው የማይለይ፣ ድምፃቸው የሚጥም ሰው ነበሩ። ጆሯቸው ላይ ሁልጊዜ እርሳስ ይሰካሉ፤ ሲጽፉበት ግን አይቼ አላውቅም።

ቀጠሮ የሚሰጡት በቀን ቁጥር አልነበረም። «ለሚካኤል ይደርሳል» ነው የሚሉት። ሚካኤል እንግዲህ በየወሩ በአሥራ ሁለት ይውላል፤ የየትኛው ወር እንደሆነ ግን አይናገሩም። ደንበኛው የቅርቡ መስሎት በሚካኤል ዕለት ሲመጣ ደግሞ በመገረም ያዩትና፣ «ዛሬማ በዓል ነው፤ በበዓል መዶሻ ይነሣል እንዴ?» ይሉታል። ሰውየው በዓል ሽሮ በመምጣቱ አፍሮ ይቅርታ ጠይቆ ይሄዳል። ሙስሊም ደንበኛ የመጣ እንደሆነ ለዒድ ይሉ ነበር፤ ዒድ ግን በዓመት ሁለቴ ብቻ ስለሆነ እነሱ ቶሎ ነቁባቸው።

አታላይ ነበሩ ማለቴ አይደለም። ዕቃው የደረሰ ቀን የሚያኮራ ዕቃ ነው፤ እስከ ዛሬ እግሩ የተነቃነቀ አልጋቸውን አላየሁም። ብቻ ትእዛዝ እምቢ ማለት አይሆንላቸውም ነበር። የመጣውን ሁሉ እሺ ይላሉ፤ ከዚያ እሺ ያሉትን ሰው በምን እንደሚያቆዩት ያስባሉ። «ሰውን የሚያናድደው መጠበቁ አይደለም፤ ብቻውን መጠበቁ ነው» ይሉን ነበር። ስለዚህ ሊወስድ የመጣውን ሰው ያስቀምጡታል፤ ሻይ በዳቦ ያስመጡለታል፤ ቤተሰቡን ይጠይቁታል፤ ቀጥሎ ሥራውን ይጠይቁታል። ሰው ስለ ሥራው ሲጠየቅ ልቡ ይከፈታል። ሊሳደብ የመጣው ስለ ራሱ ብዙ አውርቶ፣ አመስግኖ፣ ባዶ እጁን ይሄዳል።

ዶክተር ዓለሙም የመጣው እንዲሁ ሊሳደብ ነው። ከአሜሪካ ተምሮ የተመለሰ፣ የአንድ ኮሌጅ ኃላፊ ነበር። ኮሌጁ ከዩኒቨርሲቲው ክፍሎች አንዱ ሆኖ የሕንፃና የእጅ ሥራ ትምህርት ይሰጣል፤ ስሙን ልተወው። በዕድሜ ከኔ ብዙም ስለማይበልጥ እዚህ ላይ አንቱታውን ብተወው አይቀየመኝም። የመጽሐፍ መደርደሪያ አዝዞ ስንት ሚካኤል አልፎበታል። መጻሕፍቱ መሬት ላይ ተቆልለው አይጥ እየበላቸው እንደሆነ ተናገረ።

ጋሽ መኩሪያ አስቀመጡት፤ ሻይ መጣ፤ ሥራውን ጠየቁት። እኔ ቫርኒሽ እያማሰልኩ፣ የመዘግየቱን ጥፋት ዛሬ በማን ያላክኩት ይሆን ብዬ እጠብቃለሁ። ጥፋቱ አንዳንዴ የእንጨቱ፣ አንዳንዴ የዝናቡ፣ አንዳንዴ የኔ ነበር። ያን ቀን ግን ጠቅልለው ለራሱ ለባለቤቱ አስረከቡት።

«ዶክተር፣ መደርደሪያዎን ያዘገየሁት እኔ አይደለሁም» አሉት። «እርስዎ ነዎት። በየዓመቱ ታስመርቃላችሁ፤ እኔ ግን ልቅጠር ብል ሙያ የያዘ ሰው አላገኝም። ለመሆኑ ምን ዓይነት ሰው እንደሚያስፈልገን መጥታችሁ ጠይቃችሁን ታውቃላችሁ?»

ጋሽ መኩሪያ በዕድሜያቸው የተመረቀ ሰው ለመቅጠር አስበው አያውቁም። ዶክተሩ ግን ሻዩን አስቀመጠ። ከዚያ ተነሥቶ እጃቸውን ጨበጠ። ይኼውልዎ፣ ይህንን ነው እኔ ስለው የከረምኩት አላቸው። አሜሪካ ውስጥ ዩኒቨርሲቲና ቀጣሪ አንድ ጠረጴዛ ከበው፣ ምን ይማሩ፣ እንዴት ይማሩ ብለው ይመካከራሉ። እሱም የቀጣሪዎች አማካሪ ጉባኤ አቋቁሟል፤ ነገር ግን ከየፋብሪካው የሚላኩት ሰዎች ሻይ ጠጥተው፣ ሁሉም መልካም ነው ብለው ይሄዳሉ። «አንድ እውነቱን ፊት ለፊት የሚናገር ሰው ነው የጎደለን» አላቸው።

ጋሽ መኩሪያ ዞር ብለው አዩኝ። እኔ ቫርኒሹን ማማሰሌን ቀጠልኩ።

እንዲህ አድርገው ጉባኤ ገቡ። ስብሰባ ባለ ቀን ጥቁር ኮታቸውን ይለብሳሉ፤ ባርኔጣቸውን ይቦርሻሉ፤ አውቶቡስ ተሳፍረው ይሄዳሉ። ሲመለሱ ሥራ አስቁመው የተባለውን ሁሉ ይነግሩናል። መጀመሪያ ያሳለፉት ምክር፣ ተማሪ ሁሉ በየሥራ ቤቱ ተመድቦ ይለማመድ፣ በመጀመሪያው ጊዜም መጥረጊያ እንጂ መሣሪያ እንዳይጨብጥ የሚል ነበር። «ወለሉን ያላወቀ እንጨቱን አያውቅም» አሉ፤ ተጻፈላቸው። ቀጥለው ደግሞ የደንበኛ አያያዝ ራሱን የቻለ ትምህርት ይሁን አሉ። ይሁን ተባለ፤ አንድ ቀንም ራሳቸው ገብተው አስተማሩ። ምን እንዳስተማሩ ባላውቅም ተማሪው አጨብጭቦላቸዋል። መደርደሪያው እስከዚያም አልተጀመረም ነበር።

ትልቁ ሥራቸው ግን ሕጉ ነው። ልምምዱ ሲያበቃ ቀጣሪው አንድ ጥያቄ ብቻ ይጠየቅ አሉ፦ ይህን ልጅ ትቀጥረዋለህ ወይ? እቀጥረዋለሁ ካለ ልጁ ይመረቅ፤ አልቀጥረውም ካለ ዓመቱን ይድገም። ዶክተሩ በደስታ ሊዘል ደረሰ። በዚያው ስብሰባ አንድ የፋብሪካ ሰው የወንድሙን ልጅ ወደ ራሱ ፋብሪካ ላስመድብ ብሎ ሲጠይቅ፣ ጋሽ መኩሪያ ብድግ ብለው፣ የዘመድ ምስክርነት አይያዝም አሉ። ይህም ተጨመረ። ያን ቀን ከአውቶቡስ ሲወርዱ አረማመዳቸው ሌላ ነበር።

በዚያ ዓመት እኛ ዘንድ ሁለት ተማሪዎች ተመደቡ። ጠረጉ፤ ቀጥሎ በብርጭቆ ወረቀት እንጨት ሲፈገፍጉ ከረሙ። ዶክተሩ መጥቶ ሲጠይቅ ጋሽ መኩሪያ ሁለቱንም እቀጥራቸዋለሁ አሉ፤ ተመረቁ። ከምረቃው በኋላ ልጆቹ ከረባታቸውን አስረው ሥራ ልንጀምር ነው ብለው ከች አሉ። ጋሽ መኩሪያ አስቀምጠው ሻይ አስመጡላቸው፤ ቤተሰባቸውን ጠየቁ፤ ከዚያ ለሚካኤል ኑ አሏቸው።

ሁሉም እንዲህ አልቀናውም። አንድ ልጅ የተመደበበት ፋብሪካ አልቀጥረውም ስላለ ብቻ ዓመቱን ደገመ። የኮልፌ ልጅ ነበርና ጋሽ መኩሪያን መንገድ ላይ ሲያገኛቸው ጎንበስ ብሎ እጅ ይነሣቸዋል፤ ሕጉ የማን እንደሆነ አያውቅም። እሳቸው ግን ልጁን ከሩቅ ሲያዩ መንገድ መቀየር ጀመሩ።

በሚቀጥለው ዓመት ተራው የሰብለ ሆነ። ሰብለ አንድ ልጃቸው ናት። እዚያው ኮሌጅ የሕንፃ ሥራ ትማራለች፤ ከክፍሉ ሴት እሷ ብቻ ነበረች። ጋሽ መኩሪያ ከሥራ ቤቱ መስኮት ሥር ቦታ አስለቅቀው፣ ተመርቃ ስትመጣ ንድፍ የምታወጣበት ጠረጴዛ ራሳቸው ሠርተው አስቀምጠዋል። በሕይወታቸው ከቀጠሮው ቀድሞ ያለቀ ዕቃ እሱ ብቻ ይመስለኛል። ማንም ክንዱን እንዲያሳርፍበት አይፈቅዱም ነበር።

የሚለማመዱባቸው ቦታዎች ሲጠየቁ ግን ሕንፃ ተቋራጮቹ ሁሉ ሴት አንወስድም አሉ። ሥራው ሜዳ ላይ ነው፣ የት ትውላለች አሉ። ዶክተሩ እያፈረ መጣና፣ አንድ ሰው ብቻ እሺ ብሎናል፣ ደግነቱ ለቤታችሁም ቅርብ ነው አላቸው። ማን ነው ሲሉት በጣቱ በሩን አሳየ። ከበሩ ማዶ፣ መንገዱን ተሻግሮ፣ የሸምሱ ሥራ ቤት ነበር።

ሸምሱ ቀድሞ ከኛው ጋር የሚሠራ ሰው ነው። ለቀቀና ፊት ለፊታችን በርና መስኮት የሚሠራበት ቤት ከፈተ። ከዚያ ወዲህ ከጋሽ መኩሪያ ጋር ሰላምታ የላቸውም። እሳቸውን የባሰ ያናደዳቸው ግን መክፈቱ ሳይሆን ቀጠሮ አሰጣጡ ነበር። ሸምሱ ይህን ቀን ይምጡ ይላል፤ ያን ቀን ዕቃው በር ላይ ቆሞ ይጠብቃል። «ሰውን በቀን ቁጥር የሚቀጥር ፍርድ ቤት ነው እንጂ አናጢ አይደለም» ይሉ ነበር።

አይሆንም ቢሉ ልጅቷ ዓመት ልታጣ ነው። እሳቸው ዘንድ እንዳትለማመድ የዘመድ ነገር የተከለከለው በራሳቸው አፍ ነው። ሰብለ ሰኞ ጠዋት ከአባቷ ጋር ከቤት ወጣች፤ በራችን ላይ ሲደርሱ እሷ ወደ ማዶ ተሻገረች።

ጋሽ መኩሪያ በሩ ሥር ወንበር አስወጥተው መዋል ጀመሩ። ሰብለ መጥረጊያ ይዛ ስትወጣ ያዩ ቀን ባርኔጣቸውን አውልቀው ጠረጴዛ ላይ ወረወሩት።

«የኔን ልጅ ወለል አስጠረጋት!»

«ጋሼ፣ እርስዎ ያሉት እኮ ነው። ሸምሱ የተጻፈለትን ነው ያደረገው» አልኳቸው።

«እኔ ያልኩት ስለ ሌሎች ልጆች ነው» አሉ። ይህን ሲሉ አልቀለዱም።

ከጥቂት ጊዜ በኋላ መጥረጊያው ቀረ፤ ከዚያ በኋላ ሰብለ ከውጭ አትታይም። እኔን ኮላ ተበደርና ና አሉኝ። ኮላ ሞልቶናል። ሄድኩ። ሸምሱ ሥራ እንጂ ወሬ የማይሆንለት ሰው ነበርና ደንበኞቹን ለእሷ ሰጥቷታል። አንድ ባለሱቅ በር ሊያዝዝ መጥቶ ከፊቷ ተቀምጧል። ሻይ አስመጥታለታለች፤ ቤተሰቡን ጠይቃው ስለ ሥራው እያጫወታት ነው። ዓይኔን ብጨፍን ጋሽ መኩሪያን የምሰማ በመሰለኝ ነበር። መጨረሻ ላይ ግን፣ የፈለጉት ቀን አይደርስልንም፣ ከዚያ ሳምንት ቆይተው ቢመጡ እናስረክብዎታለን አለችው። ሰውየው ቅር አለው፤ ቢሆንም አዘዘ። የአባቷን አፍ በሸምሱ ቀጠሮ ላይ ገጥማዋለች።

እያደር የኛ ደንበኞች መንገድ መሻገር ጀመሩ። ከተሻገሩት መጨረሻ ያየነው ዶክተር ዓለሙን ነው። ሰብለ፣ አባቴ መደርደሪያዎን አልጀመሩትም ብላ እውነቱን ነግራው ኖሮ ሸምሱ ሠርቶለት፣ ትንሿ መኪናው ጣሪያ ላይ አሳስሮ ሲሄድ እጁን አውለበለበልን። ጋሽ መኩሪያም እጃቸውን አነሡለት። እስከዚያ ቀን ምን አየህ ብለውኝ አያውቁም ነበር፤ አሁን ግን፣ ስለ ሰብለ እስኪ ንገረኝ አሉኝ። ደንበኛ እንዴት እንደምታስተናግድ ነገርኳቸው። «ሻይ ታስመጣለች?» አሉ። ታስመጣለች። «ቤተሰብ ትጠይቃለች?» ትጠይቃለች። የበለጠው ኩራታቸው ይሁን ንዴታቸው አያስታውቅም ነበር።

ልምምዱ ሊያበቃ አንድ ቀን ሲቀረው ዶክተሩ መጣ። ከሸምሱ ጋር እንደማይነጋገሩ ሰው ነግሮታል። ነገ ሸምሱን ልንጠይቅ ነው፤ ቅር ካለዎት ግን ለእርስዎ ልጅ ስንል ጥያቄውን ትተን በፈተናዋ ብቻ ልናሳልፋት እንችላለን፣ ማንም አያውቅም አላቸው። እሺ የሚሉ መስሎኝ ነበር፤ ከአፋቸው እምቢ ወጥቶ አያውቅማ። አንገታቸውን ደፍተው፣ «ያ ዓመት የደገመው ልጅ ነገ መንገድ ላይ እጅ ቢነሣኝ ምን እለዋለሁ?» አሉት። ዶክተሩ እንግዲያው ሸምሱን እንጠይቃለን ብሎ ሄደ።

ከዚያ ባርኔጣቸውን ደፉና፣ «ታዴ፣ ና አብረን እንሻገር። ብቻዬን ብሻገር ሰው ይስቃል» አሉኝ።

ሸምሱ ሲያየን ማሽኑን አጠፋ። እጁን ጠረገና «ጋሼ» ብሎ ወንበር አቀረበ። ጋሽ መኩሪያ ከመቀመጣቸው በፊት ወንበሩን ገልብጠው መገጣጠሚያውን አዩ። ምንም ሳይሉ ተቀመጡ።

«ነገ ይጠይቁሃል» አሉት።

«ይጠይቁኛል።»

«ምን ልትል ነው?»

«ጋሼ፣ እኔ እቀጥራታለሁ ካልኩ እቀጥራታለሁ። ሰኞ ሥራ ትጀምራለች። ወላሂ ለወጉ ያህል አልልም።»

ጋሽ መኩሪያ አንድ ልጃቸው እንደሆነች፣ እሷን ብለው ቦታ አዘጋጅተው እንደሚጠብቁ፣ ሥራ ቤቱ ያለሷ ወራሽ እንደሌለው ነገሩት። ድምፃቸው ያ የደንበኛ ድምፅ አልነበረም። ሸምሱ ሰምቶ ሲጨርስ ያለ ምንም ክፋት እንዲህ አላቸው።

«እንግዲያው አልቀጥራትም ልበላ። ዓመት ትደግማለች፤ ግን ለእርስዎ ትቀርልዎታለች።»

ጋሽ መኩሪያ ወደ ውጭ፣ ወደ ገዛ በራቸው አዩ። ሻይ አላዘዙም፤ ሚካኤልንም አልጠሩም።

«ቅጠራት» አሉት።

ከተደረደረው ጣውላ ኋላ ሰብለ ወጣች። እዚያ መኖሯን ሦስታችንም አላወቅንም ነበር። ፀጉሯ ላይ ሰጋቱራ አለ።

«አባዬ» አለች፣ ቀስ ብላ። «ኮሌጁ እናንተን ጠየቀ። እናንተ እርስ በርሳችሁ ተጠያየቃችሁ። እኔን የጠየቀኝ ሰው አለ?»

የገጠር ትምህርት ቤቶችን ለሚሠራ መሥሪያ ቤት አመልክታ እንደነበር፣ አርሲ ሊልኳት እንደሚፈልጉ ያን ጊዜ ነገረችን። ከዚያ ማሽኑን አስነሥታ ጣውላ መሰንጠቅ ጀመረች፤ እኛም ድምፁ ስለበዛ መነጋገር አልቻልንም።

ሸምሱ በማግሥቱ እቀጥራታለሁ አለ። መጣችም አልመጣችም እውነት ነው አለ። ሰብለ ተመረቀችና አርሲ ሄደች።

በተከታዩ ስብሰባ ጋሽ መኩሪያ ተነሥተው ሌላ ሕግ አቀረቡ። ቀጣሪው ይህን ልጅ ትቀጥረዋለህ ተብሎ እንደሚጠየቅ ሁሉ፣ ተማሪውም እዚህ ሰው ዘንድ ትቀጠራለህ ወይ ተብሎ ይጠየቅ አሉ። የፋብሪካዎቹ ሰዎች ሳቁ። ዶክተሩ ጥሩ ሐሳብ ነው፣ ይጠና አለ። ብዙም ሳይቆይ ተማሪው አድማ መታ፤ ኮሌጁ ተዘጋ፤ ቀጥሎ የመጣውን ሁላችንም እናውቃለን። ሐሳቡ እየተጠና ሳለ ዘመኑ አለቀ።

ያን ሕግ ካቀረቡበት ስብሰባ ሲመለሱ ወደ እኛ አልገቡም ነበር። ኮታቸውን እንደለበሱ በቀጥታ ወደ ማዶ ተሻገሩ፤ እኔ ብሩሼን እንደያዝኩ ተከተልኳቸው። ለሸምሱ ያቀረቡትን ሕግ ነገሩት። ሸምሱ አሰብ አደረገና፣ «እንዲህ ከተጠየቀማ እኔም እርስዎም ወድቀናል፣ ጋሼ» አላቸው።

ጋሽ መኩሪያ ባርኔጣቸውን አውልቀው ጭናቸው ላይ አኖሩት።

«ምን ይደረግ» አሉት፤ «ዓመቱን እንደግማለን።»